ላብ ያጣ ገላ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የፊዚክስ ትምህርታችን

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በምንኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአንድ ጎረቤታችን ቤት ውስጥ ያየነው ነገር ነው። የቤቱ የበኩር ልጅ የግንባታ ሠራተኛ ነበር። ከአጠና ከተሠራ መወጣጫ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተሰበረ፤ በውስጡ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰርም በደረቱ ከፍታ ላይ ተጎዳ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ እጆቹ ደኅና ቢሆኑም ከደረቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዘውም፤ ንክኪም ሆነ ሙቀትና ቅዝቃዜ አይሰማውም።

በአንድ የመጋቢት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ «ትኩሳት ይዞታልና ድረሱልን» የሚል ጥሪ መጣ። ስንገባ ወጣቱን ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አገኘነው። ግንባሩና አንገቱ በላብ ርሷል፤ ሆዱና እግሮቹ ግን ጠብታ ላብ ሳይታይባቸው ይግላሉ። እናቱ «ምች ነው» አሉ፤ ሌላው «ወባ ይሆናል» አለ። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማምተው ነበር፤ ብርድ እንዳያገኘው መሸፈን አለበት። ብርድ ልብሱን ደራርቦ የሸፈነው ታናሽ ወንድሙ ነው። ይህ ታናሽ ወንድም ተማሪያችን ነበር፤ ስለ ሙቀትና ስለ ትነት በሰጠነው ፈተና ከክፍሉ ከፍተኛውን ውጤት ያመጣም እሱ ነው።

በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት ሲስተር ደርሰው ሲለኩት የሰውነቱ ሙቀት 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ተገኘ። ሲስተር ብዙ አልተናገሩም። መስኮቱን አስከፈቱ፤ ብርድ ልብሱን አስነሡ፤ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ እየነከሩ ደረቱን፣ ክንዱንና እግሩን ማርጠብ፣ ወንድሙም በማራገቢያ ማራገብ ያዙ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወደ 37.4 ወረደ። በማግሥቱ ሽንቱና ደሙ ሲመረመር ኢንፌክሽን አልተገኘበትም። ትኩሳቱ ከውስጥ የመጣ ሳይሆን ከጣሪያው የወረደ፣ በብርድ ልብሱም የታፈነ ሙቀት ነበር።

ከዚያ ቤት የወጣነው አፍረን ነው። ያፈርነውም በእናቲቱ ወይም በተማሪው ሳይሆን በራሳችን፣ በመምህራኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው። ሕብለ ሰረሰሩ ለተጎዳ ሰው የሙቀት መቆጣጠሪያው ቤቱና አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ለመሥራት የሚጎድላቸው ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ዕውቀት ነው፤ ያም ዕውቀት በየክፍሉ የምናስተምረው፣ ነገር ግን ከሕይወት ጋር ያላገናኘነው ተራ ፊዚክስ ነው።

ሰውነት ሙቀቱን እንዴት ይጠብቃል?

እንደሚታወቀው የጤነኛ ሰው የውስጥ ሙቀት በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቆያል። ያረፈ ሰው ሰውነት ምግብን በማቃጠል ወደ 80 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያለማቋረጥ ያመነጫል። ይህ ሙቀት መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ይጠራቀማል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝንን ሰው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 210 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። ስለዚህ ከሰውነቱ ምንም ሙቀት እንዳይወጣ ቢታፈን፣ 210,000 ጁልን ለ80 ዋት ስናካፍል 2,625 ሴኮንድ፣ ማለትም 44 ደቂቃ እናገኛለን። በየ44 ደቂቃው አንድ ዲግሪ! በተቃራኒው ሰውነቱ ከሚያመነጨው በላይ 40 ዋት ቢያጣ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

ሙቀት ከገላችን የሚወጣባቸው መንገዶች አራት ናቸው። አንደኛው ቀዝቃዛ ነገር በመንካት፣ ሁለተኛው በአየር ዝውውር፣ ሦስተኛው በጨረራ፣ አራተኛው በላብ ትነት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ብርቱው ትነት ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል።

እነዚህን መንገዶች የሚከፍትና የሚዘጋው በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ትንሽ ክፍል ነው። ሲሞቀን የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፣ ላብ እጢዎችን ያዛል፤ ሲበርደን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ጡንቻዎችን ያንቀጠቅጣል። መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን የሚያሞቅበት ምድጃ መሆኑን ልብ ይሏል።

የተቋረጠው መስመር

የሃይፖታላመስ ትእዛዝ ወደ ቆዳና ወደ ጡንቻ የሚደርሰው በሕብለ ሰረሰር በኩል ነው። ላብንና የደም ሥሮችን የሚያዙት ሲምፓቴቲክ ነርቮች ከሕብለ ሰረሰር የሚወጡት ከመጀመሪያው የደረት አከርካሪ አንሥቶ እስከ ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ ባለው ክልል ነው። ጉዳቱ ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ ከፍ ያለ ከሆነ ከዚህ መስመር አብዛኛው ይቋረጣል። መልእክትም በሁለቱም አቅጣጫ ይጠፋል፤ ቆዳው «ሞቀኝ፣ በረደኝ» ብሎ ወደ ላይ አይናገርም፤ አንጎሉም «አልብ፣ ተንቀጥቀጥ» ብሎ ወደ ታች አያዝም።

በዚህ ምክንያት ከጉዳቱ በላይ ያለችው ትንሽ የገላ ክፍል ብቻዋን ላብ ታወጣለች፤ ጎረቤታችን በግንባሩና በአንገቱ ብቻ ያላበውም ለዚህ ነው። ጉዳቱ በአንገት ላይ ከሆነ ደግሞ ያችም ጭምር ልትቀር ትችላለች። የማይንቀሳቀሱ ጡንቻዎች የሚያመነጩት ሙቀት ስለሚያንስ በብርድ ጊዜ ችግሩ ይብሳል። እንዲህ ያለ ሰው የሰውነቱ ሙቀት የአካባቢውን ሙቀት እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1944 የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍልን ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን፣ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንዲህ ዓይነት ሕሙማን በሙቀትና በቅዝቃዜ ጊዜ የሚሆኑትን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1958 አሳትመዋል።

ይህ ሆስፒታል ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በሮምና በቶኪዮ ማራቶንን በተከታታይ ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሕብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ በኋላ የታከመው በዚያው ነው። አበበ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ በኖርዌይ በረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ስሌጅ ተወዳድሮ አሸነፈ። ስለ አበበ ስናወራ በባዶ እግሩ ስለ መሮጡ ብቻ እናወራለን። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በበረዶ አገር ያሸነፈው አበበ ግን ለዛሬው ርዕሳችን የበለጠ ያስተምረናል። እግሩ የማይታዘዘው ሰው በበረዶ ላይ ውሎ መመለስ የሚችለው ሙቀቱን ከውጭ የሚጠብቅለት ልብስ፣ መጠለያና የሚያስተውል ወገን ሲኖረው ነው።

ብርዱ ያለው ቤት ውስጥ ነው

እኛ በውጭ አገር ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰ ክረምት አይተናል። ሆኖም በዚያ አገር ብርዱ የነበረው መንገድ ላይ ነው፤ ቤት ሲገባ ይቀራል። በአዲስ አበባ ግን ብርዱም ሙቀቱም ተከትሎን ቤት ይገባል።

ኮልፌ ቀራንዮ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ በሌሊት ሙቀቱን ወደ ጥርት ሰማይ እየረጨ ከአየሩ እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ከቆርቆሮ የሚንጠባጠበው ጤዛ ምስክር ነው። 33 ዲግሪ የሆነ ያልተሸፈነ ቆዳ በ10 ዲግሪ ግድግዳና ጣሪያ ፊት ሲሆን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 130 ዋት ያህል በጨረራ ብቻ ያጣል። ይህ ሰውነት በእረፍት ከሚያመነጨው 80 ዋት ጋር ይነጻጸር። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ደግሞ ያው ቆርቆሮ ለእጅ እስኪያቃጥል ይግልና ጨረራውን ወደ ታች፣ ወደ አልጋው ይልካል።

ስለዚህ ስለ አካል ጉዳተኛ ቤት በተነጋገርን ቁጥር ስለ ተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ብቻ ማሰባችን አይበቃም። መወጣጫው ሰውየውን ወደ ቤት ያስገባዋል፤ በቤቱ ውስጥ በሕይወት የሚያቆየው ግን ኮርኒሱ ነው። ከጣሪያው በታች የተወጠረ ኮርኒስ በመካከሉ የረጋ አየር ይይዛል፤ የረጋ አየር ደግሞ ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ እጅግ ሰነፍ ነው። ሲቸግርም አቡጀዲ መወጠር ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል። ለአካል ጉዳተኛ ቤት ዕድር ወይም ጎረቤት አዋጥቶ ኮርኒስ ቢያሠራ፣ ይህ የቤት ማሳመር ሳይሆን መድኃኒት መግዛት ነው ብለን እናምናለን።

ብርድን ብቻ መፍራት

እዚህ ላይ አንድ ባህላችንን መንካት ግድ ይለናል። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ቀትር ላይ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል፤ «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» ለብዙዎቻችን በሽታ ሁሉ ከብርድ ይመጣል፤ መድኃኒቱም መሸፈን ነው። ላብ ያለው ሰው በተዘጋ ታክሲ ውስጥ ያልበዋል፣ ይወርዳል፣ ይረሳዋል። ላብ የሌለው ሰው ግን ሙቀቱን ይዞት ቤቱ ይገባል።

ወላጆች ከፍቅር የተነሣ የሚያደርጉትን መንቀፍ ዓላማችን አይደለም፤ በሌሊት ብርድ ጊዜ ጋቢው በእርግጥ ያስፈልጋል። የምንለው ይህን ነው፤ ጋቢ ሙቀት አያመነጭም፤ ያለውን ሙቀት ብቻ ያግዳል። የቀዘቀዘን ገላ ቢሸፍን ገላው የሚሞቀው ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት፣ በዝግታ ብቻ ነው፤ የጋለን ገላ ቢሸፍን ግለቱን ያቆየዋል። ስለዚህ ጋቢው የሚደረበው ሰውየው ከመቀዝቀዙ በፊት፣ የሚነሣውም ከመጋሉ በፊት ነው። ጊዜውን የሚነግረን ግምት ሳይሆን ቴርሞሜትር ነው። ጋቢ ሲረጥብ ደግሞ አየሩ በውኃ ይተካል፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ አብልጦ ስለሚያስተላልፍ በዝናብም ሆነ በሽንት የረጠበ ልብስ ፈጥኖ መለወጥ አለበት።

ሳይሰማ የሚያቃጥል

ሁለተኛው ስሕተት በብርድ ጊዜ ይፈጸማል። እግሩ ቀዘቀዘ ተብሎ የፈላ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ከእግሩ ሥር ይቀመጣል፤ ወይም ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ወደ አልጋው ይጠጋል። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 60 ዲግሪ የሆነ ውኃ ግን በጥቂት ሴኮንዶች ቆዳን ያቃጥላል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ እጅ ሲነካው ደስ የሚለው 44 ዲግሪ እንኳ ለስድስት ሰዓት ያህል በአንድ ቦታ ከቆየ ቆዳን ይጎዳል። ጤነኛ ሰው እግሩን ይሰበስባል፤ ስሜት የሌለው እግር ግን እዚያው ያድራል። ከሰሉም በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚያመነጭ መዘንጋት የለበትም።

ስለማይሰማ ገላ ጥበቃ ትምህርት ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በዚሁ በክፍለ ከተማችን፣ በዘነበወርቅ፣ በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ መልሶ ማቋቋምና ሥልጠና ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው አለርት ይገኛል። ሥጋ ደዌ የእጅና የእግር ነርቮችን እየጎዳ ስሜትን ያጠፋል፤ ሕሙማኑም ሳያውቁት በድስትና በእሳት ይቃጠላሉ። ስለዚህ በሥጋ ደዌ ሕክምና ሕመምተኛው እጅና እግሩን በየቀኑ በዓይኑ እንዲመረምር፣ ትኩስ ዕቃ በጨርቅ ወይም በእንጨት እጀታ እንዲይዝ፣ ከምድጃ እንዲርቅ ይሠለጥናል። ቆዳ ያልነገረውን ዓይን እንዲነግረው ማለት ነው። ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳም ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ልማድ ነው።

ምን ይደረግ?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከሕብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር ይኖራሉ፤ ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች መካከል መውደቅና የመኪና አደጋ ይገኙበታል። ሕንፃና መኪና በበዛበት ከተማችን ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ የሚከተሉትን እያንዳንዱ ተማሪ እንዲያውቅ እንሻለን።

አንደኛ፣ ሰውየው ደኅና በሆነበት ሰሞን ሙቀቱን ጠዋትና ማታ እየለኩ በደብተር መመዝገብ ነው። ከፍ ያለ ጉዳት ያላቸው ብዙ ሰዎች መደበኛ ሙቀታቸው ከ37 ያነሰ ነው። 36 ዲግሪ ለለመደ ሰው 37.5 ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ የራሱን መደበኛ ሙቀት የማያውቅ ግን ይህን አይለይም።

ሁለተኛ፣ ሙቀት ሲጨምር ወደ ጥላ መውሰድ፣ ልብስ መቀነስ፣ መስኮት መክፈት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ገላውን በርጥብ ጨርቅ ወይም በውኃ መርጫ ማርጠብና ማራገብ ነው። በጎረቤታችን ላይ የተደረገውን እናስላ። 1.8 ዲግሪ ለማውረድ 378 ኪሎ ጁል፣ በሁለቱ ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ ላመነጨው ደግሞ 576 ኪሎ ጁል፣ በድምሩ 954 ኪሎ ጁል መውጣት ነበረበት። ይህን ለ2,400 ስናካፍል 0.4 ሊትር ውኃ ይሆናል። ሌሎቹ መንገዶች ምንም ባይረዱ እንኳ፣ የጠፋውን ላብ የተካው ከግማሽ ሊትር ያነሰ የቧንቧ ውኃ ነው! የአገራችን የበጋ አየር ደረቅና ስስ በመሆኑ ትነት ፈጣን ነው፤ ተፈጥሮ በዚህ ረገድ ከእኛ ጋር ናት።

ሦስተኛ፣ ከቀዘቀዘም ሙቀቱ እስኪመጣ አብዝቶ ያልተጋለ ለብ ያለ መጠጥ መስጠት፣ ራሱን፣ አንገቱንና እጁን ጭምር በደረቅ ልብስ መሸፈን፣ ክፍሉን ማሞቅ ነው። ትኩስ ጠርሙስና እሳት ግን ስሜት ወደሌለው ገላ አይጠጉ።

አራተኛ፣ ከማቀዝቀዝ በኋላ ሙቀቱ ካልወረደ የሽንት መሥመር ወይም የአልጋ ቁስል ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ብርቱ ራስ ምታት ከፊት መቅላትና ከላብ ጋር በድንገት ሲመጣም ነገሩ የሙቀት ሳይሆን የደም ግፊት መናር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ የጠበቀ ልብሱን ማላላት፣ ፊኛው መሙላቱን ወይም የሽንት ቱቦው መታጠፉን ማየትና አፋጣኝ ሕክምና መፈለግ ይገባል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ተማሪ ቢሯችን መጥቶ ነበር። ስሌቱን አብረን ሠራን። ሲጨርስ ዝም ብሎ ቆየና «መምህር፣ በፈተናው ላይ ውኃው የሚተነው ከድስት ነበር፤ ከወንድሜ ገላም ሊተን እንደሚችል አላሰብኩም» አለን። መልስ አልነበረንም። ለዓመታት ድስቱን ስንጠይቅ ኖረናል፤ ስለ ገላው የጠየቅንበት አንድም ፈተና የለም።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ስለ ሙቀት ስታስተምሩ ከምሳሌዎቻችሁ አንዱ ላብ የሌለው ሰው ይሁን። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም ቴርሞሜትር ተውሳችሁ የቤታችሁን ሙቀት ከጣሪያው ሥርና ከአልጋው አጠገብ በንጋት፣ በቀትርና በማታ ለአንድ ሳምንት መዝግቡ። ከዚያም በሰፈራችሁ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ካለ ቤቱን ጎብኙ፤ ከእሱ ፈቃድ ጋር በእሱም ቤት መዝግቡ። ቁጥሮቹ ምን መሠራት እንዳለበት ራሳቸው ይናገራሉ።

ጎረቤታችን ዛሬ ከአልጋው አጠገብ ቴርሞሜትር፣ የሙቀት ደብተርና አንድ የውኃ መርጫ አለው። ከበላዩም ወንድሙና የሰፈሩ ልጆች የወጠሩት ኮርኒስ አለ። እጆቹ ደኅና ናቸውና ቀትር ላይ ሲሞቀው ማንንም ሳይጠራ ራሱን ያረጥባል። ሕብለ ሰረሰሩን ፊዚክስ አልጠገነለትም፤ ላቡን ግን በእጁ መልሶ ሰጥቶታል።